ቀጥ ያለ ምሰሶ

ስርጉት ደሞዜ በሠላሳ ስድስት ዓመት ዕድሜዋ ሦስት ከተማ፣ አምስት መሥሪያ ቤትና ሰባት የኪራይ ቤት ቀያይራለች። ተወልዳ ያደገችው አንበሳሜ ነው፤ የንድፍ ሥራ የተማረችው ደብረ ታቦር ነው። ይፋግ ላይ ከአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ሁለት ዓመት፣ ባሕር ዳር ከሌላ ዘንድ ሦስት ዓመት ሠርታ፣ አንድ ቀን ጠዋት ያለ አንዳች ጠብ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰች። ለምን እንደ ተመለሰች የጠየቋት ሁሉ የተለያየ መልስ አገኙ። ለእናቷ «ብርዱ ናፈቀኝ» አለች፤ ለአከራይዋ «ሥራ አገኘሁ» አለች፤ ለራሷ ግን ምንም አላለችም። አሁን በአቶ ደሳለኝ የብረታ ብረት ቤት የኮምፒውተር ንድፍ ሠሪ ሆና አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ይህም በሥራ ሕይወቷ በአንድ ጣራ ሥር የቆየችበት ረጅሙ ዘመን ነው።

ያቆያት ደመወዙ አልነበረም። ንድፉ ነው።

በኮምፒውተር ላይ የተሠመረ መስመር ሲፈጠር ልቅ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ በማውስ ጫፍ ይዘው ቢጎትቱት ወደ ሄዱበት ይሄዳል፤ ቢለቁት በተለቀቀበት ይቀራል። ይህን ልቅ ነገር አደብ የሚያስገዙት ሁለት ዓይነት ገደቦች ናቸው። አንደኛው የልክ ገደብ ነው፤ «አንተ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ነህ፤ አንተ ደግሞ አርባ» እያለ በቁጥር ያዛል። ሁለተኛው የዝምድና ገደብ ነው፤ ቁጥር አያውቅም፤ «እናንተ ሁለታችሁ ትይዩ ናችሁ፤ አንተ በእርሱ ላይ ቀጤ ነክ ሆነህ ትቆማለህ፤ እናንተ እኩያሞች ናችሁ» ብሎ መስመሮቹን ያዛምዳል። ገደቡ በበቃ ጊዜ መስመሩ ጥቁር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቢጎትቱትም አይነቃነቅም። ገደቡ ከበዛና አንዱ ከሌላው ከተጣላ ግን ንድፉ ደም መስሎ ይቀላል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ከእነዚህ አንዱ መነሣት አለበት ይላል፤ የትኛው እንደ ዋሸ ግን አይናገርም።

ስርጉት ሰማያዊ መስመር ማየት አትችልም ነበር። ሌላው ሠራተኛ ቅርጹ ከመሰለው «ይበቃል» ብሎ የሚያሳልፈውን እርሷ አንድ በአንድ እየጎተተች ትፈትናለች። የተነቃነቀ ከተገኘ ምሳም አትበላም። አቶ ደሳለኝ ለደንበኛ ሲያስተዋውቋት፣ «ይህች ልጅ ያሠረችውን መልአክም አይፈታው» ይሉ ነበር፤ እርሷም ይህ ሲባል ፊቷን ወደ መስኮቱ ብታዞርም ውስጧ ደስ ይላት ነበር።

በጥቅምት ወር መጀመሪያ ከጉና ተዳፋት አንድ የድንች ዘር አባዢዎች ማኅበር ሥራ አመጣ። ገበሬዎቹ በገዛ እጃቸው ብርሃን የሚያስገባ የዘር ማከማቻ ሠርተዋል፤ ምሰሶው ቆሟል፤ ጣራው ተከድኗል። የቀረው መደርደሪያው ነው። ለመደርደሪያው አርባ ስምንት ባለ ሦስት ማዕዘን የብረት ድጋፍ ያስፈልጋል። ለዚህም አዋጥተው የገዙትን አንድ ትልቅ ላሜራ በአውቶቡስ ጣራ አስጭነው ልከዋል፤ ላሜራው ለአርባ ስምንት ይበቃል፤ ለአርባ ዘጠኝ አይበቃም። ድንቹ በሳምንቱ መጨረሻ መቆፈር ይጀምራል። ዘር የሚሆነው ድንች ብርሃን ባለበት መደርደሪያ ላይ ተበትኖ ካልተቀመጠና መሬት ላይ ከተከመረ ረጅም ነጭ ቡቃያ ያወጣል፤ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ይበሰብሳል። ያ ከሆነ ለከርሞ የሚተከል የለም ማለት ነው።

ስርጉት ወጥታ እንድትለካ ታስቦ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት ጊዜ ነውና አቶ ደሳለኝ በስልክ እንዲያልቅ ፈለጉ። ረቡዕ ጠዋት የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ይሻው ደወሉ።

«ስርጉት ነሽ? ይሻው ነኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቻለሁ፤ ቶሎ ጻፊ፤ ነፋሱ እኔንም ሊወስደኝ ነው።»

«ይንገሩኝ አያ ይሻው፣ እየጻፍኩ ነው።»

«እንጨት አስይዤ ነው የለካሁት። በምሰሶው ላይ ወደ ታች ሠላሳ። ወደ ውስጥ የሚገባው፣ ድንቹ የሚተኛበት፣ አርባ። ከታች ተነሥቶ በሰያፍ የሚደግፈው ሃምሳ አራት።»

«ሃምሳ አራት?»

«ሃምሳ አራት! ሁለቴ ለክቼዋለሁ። ሜትሩ የግንበኛው የሙሉቀን ነው፤ ሙሉቀን ይዋሻል እንጂ ሜትሩ አይዋሽም።»

ስርጉት ሳቀች። «ምሰሶውስ ቀጥ ያለ ነው?»

«እንዴታ! ቀጥ ያለ ነው እንጂ! እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ ነው። ጠማማውንማ...» ከዚህ በኋላ የተሰማው ነፋስ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ እርሱም ተቋረጠ።

ከሰዓት በኋላ ንድፉን ጀመረች። ድንቹ የሚተኛበትን መስመር አግድም አደረገች። የምሰሶውን መስመር በእርሱ ላይ ቀጤ ነክ አድርጋ በዘጠና ዲግሪ አቆመች፤ በጥጉ ላይም ትንሿ የቀጤ ነክ ምልክት ወጣች። ሠላሳ ጻፈች፤ አርባ ጻፈች። ሁሉም ጠቆረ። በመጨረሻም በሰያፉ መስመር ላይ ሃምሳ አራት ብትጽፍ ንድፉ በሙሉ ቀላ።

ሠላሳና አርባ በቀጤ ነክ ከተገናኙ ሰያፉ ሃምሳ እንደሚሆን ተማሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ሃምሳ አራት ሊሆን አይችልም። ስርጉት የትኛው እንደ ዋሸ ለመፍረድ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። አንድ ሽማግሌ በነፋስ መካከል፣ በተዋሱት ሜትር፣ እንጨት አስይዘው ለኩ፤ ተሳሳቱ፤ ምን ይደንቃል? ኮምፒውተሩ ያቀረበላትን ምርጫ ተቀበለች። ሃምሳ አራት ከአዛዥነት ተሽሮ በቅንፍ ውስጥ ገባ፤ በቅንፍ የገባ ቁጥር አያዝም፤ ሌሎቹ ያዘዙትን ብቻ ይመዘግባል። ወዲያውም ራሱን ለውጦ ሃምሳ ሆነ። ቀዩ ጠፋ፤ ሁሉም ጠቆረ። እያንዳንዱን መስመር ጎተተችው፤ አልነቃነቅ አለ። ንድፉን ለቆራጩ ለደረጄ ሰጠችው። መብራት በዚያ ሳምንት ለሰፈሩ የሚመጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበርና ዓርብ ሊቆረጥ፣ ቅዳሜ በጭነት መኪና ሊሄድ ተቀጠረ።

ሐሙስ ግን ዕረፍት አጣች። ሌላ ሥራ ነበራት፤ የአንድ ሆቴል የደረጃ መደገፊያ፤ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ተወችው። ሜትሯን አንሥታ የመሥሪያ ቤቱን በር ለካች፤ ለምን እንደ ለካችው አላወቀችም። ወደ ገበያው ወጥታ ሳትገዛ ተመለሰች። ሃምሳ አራት የሚለው ቁጥር እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። የሳተ ሰው አርባ ዘጠኝ ይላል፤ ሃምሳ አንድ ይላል። አራት ሳንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚስት ሰው ማነው? ደግሞስ ሠላሳውንና አርባውን በትክክል የለካ እጅ በሦስተኛው ላይ ምን ነካው? ስድስት ጊዜ ደወለች። አያ ይሻው በኮረብታው ላይ ካልወጡ አይገኙም፤ በኮረብታው ላይም የሚወጡት ጉዳይ ሲኖራቸው ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ጉዳያቸውን ነግረው ጨርሰዋል።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረጄን ቁርስ ከሚበላበት ቤት ደረሰችበት።

«ደረጄ፣ እስክደውልልህ እንዳትቆርጥ።»

ደረጄ ጉርሻውን ሳያወርድ ቀና ብሎ አያት። «ጥቁር ነው ብለሽ የሰጠሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ወዴት ነው ይሄ ሁሉ ነጠላ ማጣፋት?»

«ጉና። አያ ይሻው ከነገሩኝ አራት ሳንቲ ሜትር ቀንሻለሁ።»

«ጉና! ትናንት በሩን ስትለኪ ዋልሽ፤ ዛሬ ደግሞ ተራራውን ልትለኪ ነው? ሰው ለአራት ሳንቲ ሜትር ጉና ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«እሺ ኢንጂነር። እስከ አምስት ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ላሜራው ካልተቆረጠ ጋሼ ደሳለኝ የሚቆርጡት እኔን ነው።»

በሚኒባስ እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ ሄደች። በመንገድ ሁለት ጊዜ ኬላ ላይ ተሳፋሪዎቹን አስወርደው ፈተሿቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ ከቦርሳዋ የወጣውን ሜትር አንዱ ፈታሽ ዘርግቶ ቁመቱን ለክቶበት መለሰላት። ከዚያ በእግሯ ተነሣች። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ብርዱ ግን ገና የክረምት ነው። ከፊቷ ይሄድ የነበረን በቅሎ ነጂ ቀደመችው፤ ሰውየውም «ምነው እቴ፣ ቀብር ነው?» ቢላት ዞራ ሳትመልስ አለፈች። ሰዓቷን በየመቶ እርምጃው ታያለች። ማየቷ ሰዓቱን አላዘገየውም።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደረሰች። አያ ይሻው ከማከማቻው ደጅ ገመድ ይገምዱ ነበር፤ አጭር፣ ፊታቸው በብርድ የተሰነጣጠቀ፣ ዓይናቸው ግን የጎረምሳ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ስርጉት ሰላምታውን በልቧ አቆይታ ወደ ውስጥ ዘለቀች።

ምሰሶዎቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ቆመዋል። እውነትም እንደ ጧፍ ናቸው። ጉብታ የላቸውም፤ ጥምዝ የላቸውም፤ እንዲህ ያለ እንጨት መርጦ ለማግኘት ስንት ቀን ጫካ ለጫካ እንደ ተዞረ ያስታውቃል። ሁሉም ግን ዘመዋል። እግራቸው ወደ ውጭ ፈንጠር፣ ራሳቸው ወደ ውስጥ ደፋ ብሎ፣ ሁለቱ ረድፍ ምስጢር ሊነጋገር የተጠጋጋ ይመስላል።

«አያ ይሻው!» አለች። «ቀጥ ያለ ነው አላሉኝም?»

«ታዲያ ጠማማ ነው? እስኪ እይው! እስኪ በዓይንሽ ተከተይው!»

«ዘሟል እኮ!»

«መዝመሙንማ ይዘማል። የጉናን ነፋስ ቁሞ የሚችለው ማን አለ? እግሩን ካላንፈራጠጠ በማግሥቱ ጣራው ታች ሸለቆ ይገኛል። አንቺ የጠየቅሽኝ ቀጥ ያለ ነው ወይ ብለሽ ነው። ቀጥ ያለ ነው አልኩሽ። ዘሟል ወይ ብትዪኝ ዘሟል እልሽ ነበር።»

ሁለቱም በአንድ ቃል ተነጋግረዋል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። እርሳቸው ቀጥ ያለ ሲሉ ያልተጣመመ ማለታቸው ነው፤ እርሷ ቀጥ ያለ ስትል ተገትሮ የቆመ ማለቷ ነው። በጥጉ ላይ ያኖረቻትን ትንሿን ምልክት ማንም አላዘዛትም፤ ያለ ቁጥር፣ ያለ ምስክር ራሷ ያገባቻት ናት። አሁን የሠላሳውን ርቀት ለካች፤ ሠላሳ ነው። የአርባውን እንጨት በውኃ ልክ አስተካክላ ያዘችና ሰያፉን ለካች። ሃምሳ አራት።

«ሌሎቹስ? ሁሉም እኩል ዘመዋል?»

አያ ይሻው ከማእዘኑ ሦስት ቋጠሮ ያለበት ገመድ አምጥተው በእጇ ላይ ጣሉት። «የመጀመሪያውን በዓይኔ አቆምኩ። ከዚያ ሦስቱን ልክ በዚህ ላይ ቋጠርኩ። የቀሩትን ሃያ ሦስቱን ምሰሶዎች በዚህ ገመድ ነው ያቆምናቸው። ሰያፉ ካልሞላ ጉድጓዱ አይደፈንም ነበር። ይልቅ ሠላሳውና አርባው ትንሽ ቢዛነፉ አልፈርድም፤ ሃምሳ አራቱ ግን ንቅንቅ አይልም።»

ከሦስቱ ቁጥሮች እጅግ የታመነውን ነበር የሻረችው።

«ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ የቱ ነው?»

በጣታቸው አሳዩዋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ሮጠች። አያ ይሻው «ቀስ በይ! ድንጋዩ ያዳልጣል!» እያሉ ተከተሏት፤ በመጨረሻ ግን ቀድመዋት የወጡ እርሳቸው ናቸው። ስልኩ በመጀመሪያ አልጠራም፤ በሁለተኛውም አልጠራም። በሦስተኛው ደረጄ አነሣ፤ ከኋላው የመቁረጫው ጩኸት ይሰማ ነበር።

«ደረጄ፣ አቁም!»

ጩኸቱ ቆመ። «አምስት ሰዓት ከሩብ ነው፣ ስርጉት። ጠበቅሁሽ።»

«ስንት ቆረጥህ?»

«ዘጠኝ።»

ስርጉት ዓይኗን ጨፈነች፤ ወዲያው ግን ገለጠችው፤ መብራት የቀረው አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። «ኮምፒውተሩ ጋ ሂድ። ንድፉን ክፈት። ጥጉ ላይ የቀጤ ነክ ምልክት አለች።»

«አየኋት።»

«አጥፋት።»

«ጠፋች። ውይ፣ ምሰሶውና ሰያፉ ሰማያዊ ሆኑ! ስጎትታቸው ይከተሉኛል።»

«ተዋቸው! አትጎትት! በቅንፍ ውስጥ ያለውን ሃምሳ ንካ፤ ከቅንፍ አውጣው፤ ሃምሳ አራት ብለህ ጻፍበት።»

ነፋሱ በጆሮዋ ውስጥ አለፈ። አያ ይሻው የሚባለው ሁሉ እንደ ገባቸው ሰው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

«ጠቆረ» አለ ደረጄ። «አልቀላም፤ ጠቆረ።»

«ጥጉን ለካው። ስንት ዲግሪ ይላል?»

«መቶ። መቶ ሊሞላ ፍርፋሪ ቀርቶታል።»

«በዚያ ቁረጥ። ሠላሳ ዘጠኙን በዚያ ቁረጥ።»

ስልኩን ዘጋች። አያ ይሻው «ምን አለ?» ሲሉ፣ ሁሉን ትታ ከዚህ ኮረብታ ወርዳ ብትሄድ በወደደች ነበር። ከይፋግም ከባሕር ዳርም እንዲህ ጥፋቷን ፊት ለፊት የምትናገርበት ቀን ሳይመጣ ነበር የሄደችው።

«ዘጠኙ በስሕተት ተቆርጠዋል» አለች። «ስሕተቱ የሜትሩ አይደለም፤ የእርስዎም አይደለም። የነገሩኝን ቁጥር የጣልሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ጣልሽው?»

«ካመንሁት ጋር አልስማማ ቢለኝ።»

ስርጉት የሚቆጧት መስሏት ነበር፤ ሽማግሌው ግን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። «ከበሩ በኩል ያለው ታችኛው መደርደሪያ በዘጠኝ ድጋፍ ነው የሚቆመው» አሉ በመጨረሻ። «እርሱም የአባላችን የአሰለፈች ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ያ ብቻ ነው። ድንችሽ መሬት ይቀመጥ ልበላት? ማን ሊነግራት ነው?»

«ዘጠኙ አይጣሉ። በምሰሶውና በብረቱ መካከል አሥር ዲግሪ የሚሞላ ነገር ቢገባ... ከላይ ስል ሆኖ፣ ከታች እየወፈረ ሄዶ አምስት ሳንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር የሚደርስ...»

«ሽብልቅ በይው እንጂ!» አሉ አያ ይሻው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ወፍራም ጫፉ ሦስት ጣት። ያን ሁሉ ሚሊ ሜትር ምን አስቆጠረሽ?» ሳቃቸውን ግን ቶሎ ሰበሰቡት። «ሽብልቁን እኔ እጠርባለሁ። ብረቱን ግን አንቺው ይዘሽ ትመጫለሽ። ዘጠኙንም አንቺው ታሥሪያለሽ። ለአሰለፈችም አንቺው ትነግሪያታለሽ።»

ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ሆኖ ዋለ። ስርጉት ከጭነቱ ጋር መጣች። ሠላሳ ዘጠኙ በምሰሶዎቹ ላይ አብረው እንደ ተፈጠሩ ገጠሙ። ዘጠኙን እርሷ አሠረች፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ የወይራ ሽብልቅ አስገብታ፣ በብሎን አጥብቃ፣ ሳንቃውን ከላይ ዘረጋች፤ የውኃ ልኩን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አመላለሰችው። እጇ ቆስሎ ነበር።

አሰለፈች ከበሩ ቆማ ስታይ ቆየች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ሥራው ሲያልቅ ተጠግታ አንዱን ሽብልቅ በጣቷ ነካች።

«የሌሎቹ እንጨት የለውም። የኔ ለምን እንጨት ኖረው?»

«የእርስዎን ዘጠኙን ያበላሸሁ እኔ ስለሆንሁ ነው» አለች ስርጉት። «ሽብልቁ ያበላሸሁትን ይሞላል።»

«ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«በምን ላውቅ?»

ስርጉት ስለ ዲግሪው ልትናገር ስትጀምር፣ አሰለፈች መደርደሪያውን በአገጯ አመለከተቻት።

«እስኪ ውጪበት።»

«እኔ?»

«ከድንቼ አትከብጂም። ውጪና ተቀመጪበት።»

አያ ይሻው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ትከሻቸው ግን ይነቃነቅ ነበር። ስርጉት ቀሚሷን ሰብስባ በሳንቃው ላይ ወጣች፤ ከአንዱ ድጋፍ ወደ ሌላው እየተሳበች መካከሉ ላይ ደረሰችና ተቀመጠች። ሳንቃው አንድ ጊዜ ሲጥ አለ። ከዚያ ዝም አለ። አሰለፈች ጎንበስ ብላ ከሥር ዘጠኙንም ሽብልቅ አንድ በአንድ አየች፤ ቀና አለች፤ የመጀመሪያውን ጆንያ ልታመጣ ወደ ማሳዋ ሄደች።

ውረጂ ያላት ግን አልነበረም። ማሳው ሩቅ ነው። ስርጉት እግሯን አንጠልጥላ፣ በሩን እያየች እዚያው ቆየች።